በፓምፑ የተላከከ ጥፋት

የሙቀት ፓምፕ ሥራው የፍሪጅ ሥራ ነው። ፍሪጅ ከምግቡ የወሰደውን ሙቀት በጀርባው እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ፓምፑም ከውጭ አየር፣ ከመሬት ወይም ከወንዝ የወሰደውን ሙቀት ለቤት ማሞቂያና ለገላ መታጠቢያ ውሃ ይሰጣል። የስዊድን የግል ቤቶች አብዛኞቹ በዚህ ስለሚሞቁ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በሚገባ ያውቁታል። ራዲያተሩ ሲቀዘቅዝ ወይም የሻወሩ ውሃ ለብ ብሎ ሲቀር ቶሎ ከአፍ የሚወጣው ቃል «ማሽኑ ተበላሸ» ነው። የመሣሪያው ታሪክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከማሽኑ ውጭ፣ በቧንቧው፣ በራዲያተሩና በአገጣጠሙ እንደሚገኝ ያሳያል።

ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1852 በጽሑፍ ያቀረበው፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን ነው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ኦስትሪያዊው ፔተር ፎን ሪቲንገር በኤበንዜ የጨው ማምረቻ በተግባር ሞከረው፤ ከሚፈላው የጨው ውሃ የወጣውን እንፋሎት ጨምቆ፣ ሙቀቱ ያንኑ ውሃ መልሶ እንዲያፈላ አደረገ። ለክርክሬ ዋናው ምስክር ግን በዙሪክ ከተማ፣ ሊማት ወንዝ ላይ የቆመው የምክር ቤት ሕንፃ ነው። በ1938 የእንጨት ምድጃዎቹ ተነሥተው 100 ኪሎዋት ሙቀት የሚሰጥ ፓምፕ ተተከለ፤ ከወንዙ ሙቀት እየቀዳ የማሞቂያውን ውሃ እስከ 60 ዲግሪ ያደርስ ነበር። የተተካው በ2001 ነው። የዚያ ፓምፕ ኮምፕሬሰር (በውስጡ የሚዘዋወረውን ጋዝ የሚጨምቀው ክፍል) ይህን ያህል ዘመን የቆየው በብረቱ ጥንካሬ ብቻ አይመስለኝም። በክረምትም ሙቀቱ እንደ አየር የማይለዋወጥ የወንዝ ውሃ ነበረው፤ ፓምፑና የሕንፃው ማሞቂያም አብረው ሳይታሰቡ አልቀሩም።

ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ይህ ጥንቃቄ ተዘነጋ። ፓምፖች በየቤቱ በጥድፊያ ተተከሉ፤ ብዙዎቹ የገቡት ለነዳጅ ቦይለር ተብለው ከተዘረጉ ትንንሽ ራዲያተሮች ጋር ነው። ቦይለር 70 ዲግሪ ውሃ መስጠት አይከብደውም። ፓምፕ ግን ውሃው በጋለ ቁጥር ኮምፕሬሰሩ ይደክማል፣ መብራት ይበላል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ገበያው ወደቀ። ምክንያቱ የነዳጅ ዋጋ መርከስ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነት አለው። ዋጋው ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ስዊዘርላንድ በ1993 በቶስ የፓምፕ መፈተሻ ማዕከል ማቋቋም ባላስፈለጋት ነበር። ከዋጋው ጋር የሰው እምነትም ወድቆ ነበርና። በብሪታንያም በ83 ቤቶች የተካሄደና ውጤቱ በ2010 የወጣ ጥናት ደካማ ውጤት ያሳዩ ብዙ ፓምፖች አገኘ። ጣቱን በዋናነት የቀሰረው ግን በአመራረጥ፣ በአገጣጠምና በአጠቃቀም ላይ ነበር። በኋላ አንዳንዶቹ ሲስተካከሉ፣ ከተስተካከሉት ብዙዎቹ ተሻሻሉ።

ማሽኑ ራሱ አይበላሽም ማለት አይደለም። ጋዙ ያመልጣል፣ ኮምፕሬሰር ይቃጠላል፣ ይህም የባለሙያ ሥራ ነው። ነገር ግን ምርመራው ከውሃው ቢጀምር ብዙ ወጪ ይድናል። ወደ ራዲያተሮቹ የሚሄደው ቧንቧ በደንብ ሞቆ የሚመለሰው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ውሃው በበቂ አይዘዋወርም ማለት ነው። ያኔ ማጣሪያው ተፈትቶ ሲታይ ከራዲያተሮቹ ዝገት የመጣ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ጭቃ ይገኝበት ይሆናል። ቤቱ እየሞቀ የመታጠቢያው ውሃ ብቻ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ ውሃውን አንዴ ወደ ታንከሩ አንዴ ወደ ራዲያተሩ የሚመራው ቫልቭ መሐል ላይ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ከአየር ሙቀት በሚወስድ ፓምፕ ደግሞ፣ በውርጭ ማለዳ ከቤት ውጭ ከተተከለው ክፍሉ ጭስ የመሰለ ነጭ ተን ቢወጣም አያስደነግጥ። ፓምፑ ላዩ ላይ የጋገረውን በረዶ ለማቅለጥ ለጥቂት ደቂቃ ሥራውን ገልብጦ፣ ከቤቱ በወሰደው ሙቀት ራሱን እያሞቀ ነው።