በላስታ ዋሻ ያለው የንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤት

ይምርሐነ ክርስቶስ ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ ነው። ከቅዱስ ላሊበላ አስቀድሞ በላስታ ነገሠ፤ ዘመኑም 12ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ነበረ ይነገራል። ክህነትን ከመንግሥት ጋር አስተባብሮ ስለያዘ ቅዳሴውን ራሱ ይቀድስ ነበር። ገድሉ እንደሚለው፣ አጎቱ ንጉሥ ጠንጠውድም መንግሥቴን ይወርስብኛል ብሎ ቢያሳድደው ተሰደደ፤ በኋላ ግን ዙፋኑ ለእርሱ ሆነ። በሚቀድስም ጊዜ ኅብስቱና ወይኑ ከሰማይ ይወርድለት ነበር ተብሎ ተጻፈለት።

ንጉሡ ለቤተ ክርስቲያኑና ለማደሪያው የመረጠው ቦታ ከቆቦና ከራያ ቆላ በስተ ምዕራብ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራሮች ያለ ታላቅ ዋሻ ነው። አሠራሩ የአክሱም ነው። ግንበኞቹ አንድ ረድፍ ድንጋይ ይደረድሩና በላዩ ግንድ በአግድም ያጋድማሉ፤ ደግሞ ድንጋይ፣ ደግሞ ግንድ። ድንጋዩ በነጭ ልስን ስለ ተለበጠ ግድግዳው ነጭና ጥቁር ረድፍ ሆኖ ይታያል። የውስጡ ጣሪያ በተጠረበና በተቀረጸ እንጨት ያጌጠ ነው። ወለሉ ከባሕር ላይ እንደ ተዘረጋ አባቶች ይናገራሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ በዚያው ዋሻ፣ የንጉሡ ቤት የሚባለው ሁለተኛው ሕንፃ ቆሟል። ከኋላ በዋሻው ጥግ የብዙ ሰዎች አፅም ይገኛል፤ ተሳልመው በዚያው ያረፉ ምእመናን ናቸው ይባላል።

ከ1520 እስከ 1526 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ራያ በከፊል የሚገኝበትን የጥንቱን አንጎት አልፎ ይህን ዋሻ አየ። ሦስት ታላላቅ መርከቦች ከነምሰሷቸው ይገቡበታል ብሎ ጻፈ። መልአክ ለንጉሡ ኅብስትና ወይን ያመጣለት እንደ ነበረም በቦታው የሰማውን መዘገበ። መጽሐፉ በ1540 በሊዝበን ታተመ።

የባለቤቱ ዝና ቤቱን ሲጋርድ በሌላም አገር ታይቷል። ኒኮላ ፍላሜል የተባለ የፓሪስ ጸሐፊ በ1407 ለድሆች ማደሪያ የሚሆን የድንጋይ ቤት አሠራ፤ በ1418 ሞተ። እርሳስን ወርቅ ያደርግ ነበር የሚለው መጽሐፍ በስሙ የወጣው ግን በ1612 ነው። ቤቱ እስከ ዛሬ ቆሞ ሳለ፣ መንገደኛው የሚጠይቀው ስለ ወርቁ ነው።

የላስታው ቤት ግን ከዝናው በላይ ምስክር አለው። የኅብስቱን ነገር ገድሉ ይናገራል፤ የግንበኞቹን ጥበብ ግን ግድግዳው ራሱ ይናገራል፤ የአክሱም ሥርዓተ ሕንፃ እንዲህ ሙሉ ሆኖ የሚታይባቸው ቤቶች ጥቂት ናቸውና። ግድግዳውና ጣሪያው እንጨት ስላለበት እሳትና እርጥበት ጠላቶቹ ናቸው። ጥቅምት 19 ቀን ለንጉሡ በዓል የሚወጣ ሁሉ ጧፉን ከግድግዳው አርቆ ይያዝ።