እግረኛንና ብስክሌተኛን የሚጠብቁ የተሽከርካሪ ቴክኖሎጂዎች

በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ሳይክል ነጂዎች ናቸው። ከግጭት የሚከልላቸው የተሽከርካሪ አካል ስለሌለ «ለአደጋ ተጋላጭ የመንገድ ተጠቃሚዎች» ይባላሉ። ዘመናዊ ተሽከርካሪዎች እነርሱን የሚጠብቁ መሣሪያዎች እየተገጠሙላቸው ነው።

ቀዳሚው ራሱን የሚይዝ የአደጋ ጊዜ ፍሬን ነው። ካሜራና ራዳር ከፊት ያለውን መንገድ ይከታተላሉ፤ ሰው ሲገባ ሾፌሩን በድምፅና በመብራት ያስጠነቅቃሉ። ሾፌሩ ካልሠራ መኪናው ራሱ ፍሬን ይይዛል። የስዊድኑ ቮልቮ ይህን ለእግረኞች እ.ኤ.አ. በ2010 አቅርቦ፣ በ2013 ብስክሌተኞችንም እንዲለይ አድርጎታል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ የምትተርፈው ሰከንድ ሕይወት ልታድን ትችላለች።

ሁለተኛው ለከባድ መኪናዎችና ለአውቶቡሶች የተሠራ ነው። ወደ ቀኝ ሲታጠፉ አጠገባቸው ያለ ብስክሌተኛ ከጎን መስታወቱ እይታ ሊሰወር ስለሚችል፣ በጎን የተገጠሙ ዳሳሾች ሾፌሩን ያነቁታል። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንን ለአዳዲስ ከባድ መኪናዎችና አውቶቡሶች ሁሉ ግዴታ አድርጓል።

ይሁን እንጂ ቴክኖሎጂው ወሰን አለው። የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደኅንነት የኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት፣ እግረኛን የሚለየው ፍሬን የእግረኛ ግጭትን በ27 በመቶ ቢቀንስም፣ መብራት በሌለበት ጨለማ ግን ለውጥ አላሳየም። ይህ ጅዳና መካ ለሚኖሩ ሠራተኞች ልዩ ትርጉም አለው። የቀኑ ሙቀት ሰዉን ወደ ምሽት ይገፋል፤ በረመዳን ደግሞ ጎዳናው እስከ ሌሊት ሰው አይጠፋበትም። መሣሪያው ዓይኑ በሚደክምበት ሰዓት የሚወጡት እግረኞች ብዙ ናቸው።

ስለዚህ በምሽት ነጣ ያለ ልብስ ይልበሱ፤ በብስክሌት ሲጓዙ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ያብሩ፤ በእግረኛ ማቋረጫ ወይም በድልድይ ይሻገሩ፤ ሊታጠፍ በተዘጋጀ ከባድ መኪና ጎን አይቁሙ። ሾፌር ከሆኑ የፊት መስታወቱን ከአቧራ ያጽዱ፤ ካሜራው የሚያየው በእርሱ በኩል ነውና።

አደጋ ሲደርስ ጅዳንም በሚያጠቃልለው የመካ አካባቢ አስተዳደር ወደ 911፣ ለአምቡላንስ ወደ ቀይ ጨረቃ 997 ይደውሉ።