የኤሊ ቅርፊት እንደ መዝገብ

ሆሣዕና፣ በቀድሞ ስሟ ዋቸሞ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ በስተምሥራቅ የብላቴ ወንዝ የከምባታን ከፍተኛ ቦታዎች በስተቀኙ ትቶ ወደ ደቡብ ይወርድና አባያ ሐይቅ ይገባል። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ደጋው ወደ ወይና ደጋ፣ ወይና ደጋውም ወደ ቆላ ይለወጣል። ከስምጥ ሸለቆው ቆላ የተያዘች ኤሊ በመኪና ተጭና በሆሣዕና ወይም በዱራሜ ወደሚገኝ አንድ ግቢ ብትገባ፣ ምግቧ፣ የአየሯ እርጥበትና የሌሊቷ ሙቀት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይለዋወጣሉ። ይሁንና ኤሊ ሕመሟን ጮኻ አትናገርም። የደረሰባትን ሁሉ የሚመዘግበው ቅርፊቷ ነው። የሰው ልጅ ይህን መዝገብ በትክክል ማንበብ ለመማር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የፈጀበት ሲሆን፣ በመንገዱም ላይ ደጋግሞ ተሳስቷል።

በኢትዮጵያ ከሚገኙት የየብስ ኤሊዎች መካከል በስምጥ ሸለቆውና በደቡቡ ቆላ በይበልጥ የምትታወቀው ዝንጉርጉሯ ኤሊ ናት። እንግሊዛዊው ቶማስ ቤል እ.ኤ.አ. በ1828 ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣላት፣ ጥቁርና ቢጫ የሆነውን መልኳን ከነብር ቆዳ ጋር አመሳስሎ «ፓርዳሊስ» አላት። ቅርፊቷ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ተሸክማው የምትዞር ቤት ሳይሆን የራሷ አካል ነው። ውስጡ ከአከርካሪዋና ከጎድኖቿ ጋር የተዋሐደ አጥንት ሲሆን፣ ላዩን ደግሞ የጥፍርና የቀንድ ዓይነት ጠባይ ያላቸው ሰሌዳዎች ለብሰውታል። ኤሊዋ ስታድግ አዲሱ ሽፋን በየሰሌዳው ዙሪያ ይጨመራል እንጂ አሮጌው ተገፍፎ አይወድቅም። ከዚህም የተነሣ አንድ ጊዜ ተጣሞ ያደገ ቅርፊት ተመልሶ አይቃናም፤ ማድረግ የሚቻለው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እድገት ማስተካከል ብቻ ነው።

ኤሊን በሚዛን በመከታተል ከሚታወቁት ቀደምት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ቄስ ጊልበርት ኋይት ነው። ኋይት አክስቱ ለብዙ ዓመታት በግቢዋ ያኖረቻትን ኤሊ እ.ኤ.አ. በ1780 ወደ መንደሩ ወደ ሴልቦርን አመጣት። ያቺ ኤሊ የአውሮፓን ብርዳማ ወራት ከአፈር ውስጥ ተኝታ የምታሳልፍ ዓይነት ነበረች። ኋይትም በሚዛን እያስቀመጠ ክብደቷን በማስታወሻው ላይ ያሰፍር ነበር፤ ክብደቷ ወደ 3 ኪሎ ግራም ይጠጋ ነበር። የሚያስደንቀው ግን ይህን ያህል በቅርብ ይመለከታት የነበረው ሰው ወንድ መስላው «ቲሞቲ» እያለ ሲጠራት መኖሩ ነው። ኋይት እ.ኤ.አ. በ1793 ሲሞት ኤሊዋ በዓመቱ ተከተለችው። ሴት መሆኗ የታወቀው ከዚያ በኋላ፣ ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተጠብቆ የሚኖረው ቅርፊቷ ሲመረመር ነው። ዓይኑ ቢያስተውም የጻፈው ቁጥር እስከ ዛሬ ይሠራል።

ከሁሉም ረጅም ዕድሜ ያገኘው ስሕተት ግን የቀለበት ቆጠራ ነው። በየሰሌዳው ላይ የሚታዩትን ቀለበቶች እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ቆጥሮ የኤሊን ዕድሜ መናገር ይቻላል ተብሎ ሲታመን ኖሯል። ቀለበት የሚፈጠረው እድገት ሲፋጠንና ሲገታ ነው። የአየሩ ለውጥ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ በሚፈራረቅበት አገር ቀለበትና ዓመት ሊገጣጠሙ ይችሉ ይሆናል። የበልግና የክረምት ዝናብ በየጊዜያቸው በሚመጡበት በሐዲያና በከምባታ ግን በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ቀለበት ሊወጣ ይችላል፤ ሕመምና ረኃብም የየራሳቸውን መሥመር ያሰምራሉ። ኤሊዋ ስታረጅ ደግሞ ቀለበቶቹ ተፍቀው ይጠፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የቀደሙትን ጥናቶች የመረመሩ አሜሪካውያን ሊቃውንት፣ ዘዴው ለእያንዳንዱ ዝርያና ሥፍራ በተናጠል ሳይረጋገጥ ሊታመን አይገባውም ሲሉ ደምድመዋል።

የቅርፊት መለስለስ ምክንያት የተገለጠው ግን በኤሊ ጥናት ሳይሆን በሕፃናት ሕክምና ነው። ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1919 በርሊን ውስጥ ሪኬትስ የያዛቸውን ሕፃናት በአልትራቫዮሌት ጨረር አክሞ አጥንታቸው ሲጠነክር አሳየ። ጨረሩ ሰውነት ቫይታሚን ዲ እንዲያዘጋጅ ያደርጋል፤ ያለ ቫይታሚን ዲ ደግሞ ከምግብ የሚገኘው ካልሲየም ወደ ደም በበቂ መጠን አይገባም። በዚህ ጊዜ ሰውነት የጎደለውን ከገዛ አጥንቱ ይበደራል። ፀሐይ በሞላበት በኢትዮጵያ ምድር ከፀሐይ ተከልለው የሚያድጉ ሕፃናት በሪኬትስ መያዛቸውን ሐኪሞቻችን ያውቁታል። የኤሊም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። የሆሣዕና ፀሐይ ብርቱ ነው፤ ችግሩ ብርድ የፈራው ባለቤት ኤሊዋን በዕቃ ቤት ወይም በማድ ቤት ሲዘጋባት ነው። በመስኮት በኩል የሚገባው ብርሃንም አይበቃም፤ መስታወት አስፈላጊውን ጨረር ያስቀራልና።

ሌላው ክርክር በጀርባ ሰሌዳዎች ላይ እንደ ጉብታ ተቆልሎ የሚወጣውን እድገት ይመለከታል። ለብዙ ዘመን ጥፋተኛው የፕሮቲን ብዛት ነው ሲባል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የቪየና ጥናት 50 ጫጩቶችን በልዩ ልዩ የአየር እርጥበትና የፕሮቲን መጠን ለአምስት ወር አሳድጎ ለካ። ጫጩቶቹ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው በረሓማ ምድር የምትኖረው የባለ እሾኽ እግሯ ኤሊ ልጆች ነበሩ። ጉብታው የጎላው በደረቅ አየር ባደጉት ላይ ሲሆን፣ የፕሮቲኑ ድርሻ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የበረሓ ፍጥረት ናትና እርጥበት አያስፈልጋትም የሚለው አስተያየት፣ ጫጩት እርጥበት ባለው ጉድጓድ እየተጠለለች የምታድግ መሆኗን የዘነጋ ነበር። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ በዝንጉርጉሯ ኤሊ ላይ መጠነኛ ጉብታ የተፈጥሮ መልክ እንጂ ሕመም አይደለም።

እድገት ካበቃ በኋላ ርዝመት ብዙም አይናገርም። ጆናታን የተባለው ግዙፍ ኤሊ እ.ኤ.አ. በ1882 ከሲሸልስ ወደ ሴንት ሄሌና ደሴት ሲደርስ የእድገቱን መጠን የጨረሰ ነበር፤ የተወለደው በ1832 ገደማ እንደሆነ የሚገመተውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አልፎ ሰውነቱ ሲከሳና የአፉ ጠርዝ ሲደንዝ፣ የደሴቲቱ የእንስሳት ሐኪም ምግቡን በአትክልትና በፍራፍሬ አሻሻለለት። ሰውነቱ አገገመ፤ አፉም እንደገና ሣር መቁረጥ ቻለ። ለውጡን የነገሩት ክብደቱና አፉ እንጂ የቅርፊቱ ርዝመት አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። በድልድይ ላይ የታየ ስንጥቅ አንድ ጊዜ ቢለካ ብዙ አይናገርም፤ በተወሰነ ጊዜ፣ በአንድ መሣሪያና ከአንድ መነሻ ነጥብ ተደጋግሞ ሲለካ ግን መስፋቱን ወይም መቆሙን ይገልጣል። ኤሊም እንዲሁ ናት። ርዝመቷ በጉብታው ላይ በሚተኛ ሜትር ሳይሆን፣ ከፊትና ከኋላ ቀጥ ብለው በቆሙ ሁለት ጣውላዎች መካከል ይለካል። ክብደቷ ሳትመገብና ውኃ ሳትጠጣ በአንድ ዓይነት ሚዛን ይመዘናል። ጫጩት በየወሩ፣ ያደገች ደግሞ በየሦስት ወሩ ብትለካ ይበቃል። ከቁጥሩ ጎን የምግቧ ዓይነት፣ የሌሊቱ ሙቀትና የቅርፊቱ መልክ ይጻፋል። ያደገች ኤሊ ቅርፊት በጣት ሲጫኑት ከረገበ፣ ከሸተተ፣ ከተቦረቦረ ወይም ከሥሩ ደም ካሳየ ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም፤ ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለባት። ቅርፊቱን ዘይት ወይም ቀለም መቀባት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በስቶ ገመድ ማሰርም ሕያው አጥንት መብሳት ነው። ሣርና ቅጠል እንድትበላ የተፈጠረችን ኤሊ በእንጀራ፣ በዳቦና በቆጮ ማኖር ሆዷን ይሞላ ይሆናል እንጂ አጥንቷን አይገነባም። ይህች ዝርያ እንደ አውሮፓይቱ ብርዱን ተኝታ ስለማታሳልፍ፣ የደጋው ሌሊት ሙቀት ያለው መጠለያ ይጠይቃል።

ከመለካቱ በፊት ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን አያያዝና አጠቃቀም ከፈቃድ ጋር አያይዞታል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1989 በተቀበለችው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት መሠረት የኤሊ ዝውውር ቁጥጥር ይደረግበታል። ስለዚህ በቆላው መንገድ ላይ የተገኘች ጤነኛ ኤሊ ትክክለኛ ስፍራዋ እዚያው ቆላው ነው። በሕጋዊ መንገድ በሰው እጅ የገባችው ደግሞ አሥርተ ዓመታት ልትኖር፣ ባለቤቷንም ልትቀብር ትችላለች። ለሚረከባት ሰው ከኤሊዋ ጋር መተላለፍ ያለበት ቀኑና ልኩ በሥርዓት የተጻፈበት ደብተር ነው። ያ ደብተር ከሌለ ቅርፊቱ የሚናገረው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ይሆናል።