ያልተማከለ የመረጃ ማከማቻ እና የብሎክቼይን መረጃ አስተማማኝነት

ያልተማከለ የመረጃ ማከማቻ ፋይሎችን በአንድ ተቋም ሰርቨር ላይ ብቻ ከማኖር ይልቅ፣ በተለያዩ ባለቤቶች እጅ ባሉ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ አባዝቶ ወይም ከፋፍሎ የማስቀመጥ ዘዴ ነው። ብሎክቼይንን መሠረት ያደረጉ ፕሮግራሞች በሰንሰለቱ ላይ ሊጻፉ የማይችሉ ትልልቅ ፋይሎችን ለመያዝ ይጠቀሙበታል። በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚነሣው በተለይ ከቡና ምንጭ ክትትልና ከትምህርት ማስረጃ ጋር ተያይዞ ነው። ከዚህ በታች የከፋ ዞን የጫካ ቡና እንደ ምሳሌ ተወስዷል።

ለምን ያስፈልጋል?

ብሎክቼይን ሲባል ሁሉም ነገር ሰንሰለቱ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። እውነታው ሌላ ነው። በኢቴሪየም ላይ አዲስ 32 ባይት ለማስቀመጥ ቢያንስ 20,000 የክፍያ አሃድ (ጋዝ) ይጠየቃል። በዚህ ስሌት 3 ሜጋባይት የሚመዝን አንድ የማሳ ፎቶ 1.9 ቢሊዮን ጋዝ ገደማ ይፈጃል፤ የአንድ ብሎክ ጣሪያ ግን የሚቆጠረው በአሥር ሚሊዮኖች ነው። ስለዚህ በሰንሰለቱ ላይ የሚጻፈው የፋይሉ አሃዛዊ አሻራ (ሐሽ) ብቻ ሲሆን ፋይሉ ራሱ ሌላ ቦታ ይቀመጣል።

ይህ «ሌላ ቦታ» የአንድ ድርጅት ሰርቨር ከሆነ ችግር አለ። ኤፍቲኤክስ የተባለው የዲጂታል ገንዘብ መገበያያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ከከሰረ በኋላ፣ በእርሱ በኩል የተሸጡ የዲጂታል ሥዕሎች መታየት አቁመዋል። በሰንሰለቱ ላይ ያለው የባለቤትነት መዝገብ አልተነካም፤ የሚጠቁመው አድራሻ ግን ሥዕሉን ማምጣት አልቻለም።

አሻራና አድራሻ

ኤስኤችኤ-256 የተባለው ስሌት ማንኛውንም ፋይል ወደ 256 ቢት አሻራ ይለውጣል። ከፋይሉ አንዲት ነጥብ ብትቀየር አሻራው ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አይፒኤፍኤስ ይህንኑ አሻራ እንደ አድራሻ ይጠቀማል፦ ፋይሉ የሚፈለገው «የት አለ?» ተብሎ ሳይሆን «ይህ አሻራ ያለው ፋይል ማን ዘንድ ይገኛል?» ተብሎ ነው። ፋይሉን ማንም ይስጥ ማን፣ ተቀባዩ አሻራውን ራሱ አስልቶ ያመሳክራል። ስሌቱ ኢንተርኔት ስለማይፈልግ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ የተመዘገበ መረጃ በሚሞሪ ካርድ ተጉዞ ቢደርስም ማመሳከሩ አይቀርም።

አሻራው የሚያረጋግጠው ግን ፋይሉ አለመለወጡን እንጂ አለመጥፋቱን አይደለም። በተግባር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው። በአይፒኤፍኤስ ላይ ማንም «ይቆይልኝ» ብሎ ያልያዘው ፋይል ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል ሊሰረዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 ሥራ የጀመረው ፋይልኮይን ለዚህ ክፍያና ዋስትና ጨመረበት፦ አስቀማጩ ገንዘብ አስይዞ ፋይሉ እጁ ላይ እንዳለ በየ24 ሰዓቱ በሒሳብ ያረጋግጣል፤ ካላረጋገጠ ይቀጣል። ውሉ ሲያበቃ ግን ማደስ የባለጉዳዩ ፈንታ ነው።

ፋይሉን ማባዛት ብቻውን ከሁሉ የተሻለ መንገድ አይደለም። ፋይሉ 10 ቦታ ተከፍሎ በሒሳብ 20 ተጨማሪ ቁራጮች ቢወጡለትና 30ዎቹ በ30 ኮምፒውተሮች ላይ ቢቀመጡ፣ ማናቸውም 10 ቁራጮች ዋናውን ይመልሳሉ። የሚፈጀው ቦታ ከሦስት ሙሉ ቅጂዎች ጋር እኩል ነው። ሦስቱ ቅጂዎች ግን ሦስት ኮምፒውተሮች ሲበላሹ ያልቃሉ፤ ይህኛው የ20 ኮምፒውተሮችን ብልሽት ይችላል።

የኮምፒውተሮቹ መገኛም ያሳስባል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ ነበር። ቁራጮቹ ሁሉ አገር ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ውጭ ያለ ገዢ አያገኛቸውም፤ ሁሉም ውጭ ቢሆኑ ደግሞ አገር ውስጥ ያለው ማኅበር የራሱን መዝገብ መክፈት ያቅተዋል።

የከፋ ጫካ ቡና

በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል የሚያልፍ ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ስለሚቀላቀል፣ ገዢው ከየትኛው ማኅበር እንደመጣ ለማወቅ ይቸገር ነበር። ምርት ገበያው እ.ኤ.አ. በ2015 ገደማ በጆንያ ላይ መለያ የሚያደርግ ኤሌክትሮኒክ የክትትል ሥርዓት ወደ መዘርጋት ገባ። ካርዳኖን የሚያለማው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረም ከታሰቡት አገልግሎቶች አንዱ የቡና ክትትል ነበር። በ2021 ደግሞ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ማስረጃ የሚመለከት ዕቅድ ይፋ አድርጓል።

ጉዳዩን ያከበደው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ነው። ቡና አስመጪው ምርቱ ከታኅሣሥ መጨረሻ 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ከተመነጠረ መሬት አለመምጣቱን በማሳው መገኛ ነጥብ ማሳየትና ማስረጃውን ለ5 ዓመታት ማቆየት አለበት። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭነት በተመዘገበው የከፋ ደን ውስጥና ዙሪያ ለሚለቅም ገበሬ፣ የመገኛ ነጥቡ ፋይል ከጠፋ ደን ጠብቆ ያመረተው ቡና ማስረጃ እንደሌለው ቡና ይቆጠራል። በቦንጋ ያለ ዩኒየን እንዲህ ያለ ሥርዓት ቢዘረጋ በቅድሚያ የሚመልሰው ጥያቄ ሰንሰለቱ የትኛው ይሁን የሚለው አይደለም፤ የአምስቱን ዓመት የማከማቻ ውል ማን ይከፍላል፣ ማንስ ያድሳል የሚለው ነው።

የማይፈታቸው ችግሮች

ደንቡ የመገኛ ነጥብን በስድስት የአስርዮሽ አሃዞች ይጠይቃል፤ የመጨረሻው አሃዝ 11 ሴንቲሜትር ገደማ ይለካል። ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥር የቆመ ስልክ ግን በሜትሮች ይሳሳታል። ስህተቱ አንዴ ከተመዘገበ ሥርዓቱ ስህተቱንም በታማኝነት ይጠብቀዋል። ሚዛን ላይ የተጭበረበረ ኪሎም እንዲሁ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ሁለተኛ መዛኝ፣ የሳተላይት ምስልና ድንገተኛ የመስክ ቁጥጥር ነው።

ሌላው የግል መረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መረጃን የማስሰረዝ መብት ይሰጣል፤ ብዙ ቦታ የተበተነ ፋይልን ግን ከሁሉም ቦታ መሰረዙን ማረጋገጥ አይቻልም ማለት ይቻላል። ስለሆነም የገበሬው ስምና ስልክ መጀመሪያ በቁልፍ ተመስጥሮ ይቀመጣል፤ መሰረዝ ሲያስፈልግ ቁልፉ ይጠፋል። ቁልፉ የጠፋ ፋይል ቢገኝም አይነበብም። እንዲህ ሲሆን ግን ቁልፉን የያዘው ወገን፣ ማለትም ዩኒየኑ ወይም ላኪው፣ ሥርዓቱ ያስቀራል የተባለውን የማዕከል ቦታ በከፊል መልሶ ይይዛል።