ምኒልክ ለአልጋው ወራሽ ሰየሙ፤ አልጋ ላይ ሲወድቁስ?

ዛሬ ስለ መድኃኒት አላወራም፤ ታሪክ ላጫውታችሁ ነው። ቀጨኔ ያላችሁ ከደጃችሁ ወጥታችሁ ሽቅብ ብታዩ እንጦጦ ከፊታችሁ ነው። እቴጌ ጣይቱ ባላቸው ካረፉ በኋላ የቀረ ዕድሜያቸውን እዚያ፣ እንጦጦ ማርያም አሳልፈው በየካቲት 1910 ዓ.ም. አርፈዋል። ከዚያ በፊት ግን አራት ዓመት ያህል አስታማሚ ነበሩ። የዛሬው ወሬያችን ስለዚያ ጊዜ ነው።

የዳግማዊ ምኒልክ ጤና መታወክ የጀመረው ከመሞታቸው ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ደጋግሞ የመታቸው ዛሬ ስትሮክ የምንለው ሕመም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩ ገብቷቸዋል። በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ፣ ራስ ተሰማ ናደውን ደግሞ እንደራሴ አድርገው በይፋ አስታወቁ። ከአምስት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 1902 ዓ.ም.፣ ከባዱ ስትሮክ መጣ። ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸው ተያዘ። እንዲያ ሆነው እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስ ቆዩ፤ አራት ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ማለት ነው።

እስቲ ልብ በሉ። አገሩን ማን እንደሚረከብ ተወስኗል። ንጉሡ በሕይወት እያሉ፣ ግን መናገር ሳይችሉ ሲቀሩ ማን ስለ እርሳቸው ይናገር የሚለው ግን አልተቋጨም። እቴጌይቱ ከአልጋው አጠገብ ነበሩ፤ ማን ይግባ ማን አይግባ የሚሉትም እርሳቸው ነበሩ። መኳንንቱ ይህ ሥልጣን ከባል ማስታመም አልፏል ብለው በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው፤ ሥራዎ ባልዎን ማስታመም ብቻ ነው ተባሉ። ሐኪሞቹም አልተስማሙም፤ ከጀርመን የመጣው ሐኪም ንጉሡ ተመርዘዋል እስከ ማለት ደርሷል። ራስ ተሰማ ደግሞ ከንጉሡ ቀድመው በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። በመጨረሻ ንጉሡ ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ በይፋ ሳይነገር ቆየ።

ይህን የምለው ንጉሡን ለመውቀስ አይደለም። በዚያ ዘመን ስትሮክ ለጣለው ሰው ከማስታመምና ከጸበል ያለፈ ብዙ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን አለ፤ ለዚህም ነው ጥያቄው የከበደው። የመተንፈሻ ማሽን፣ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ መመገብ፣ የኩላሊት እጥበት፣ የጭንቅላት ቀዶ ሕክምና፣ ፅኑ ሕሙማን ክፍል። ሐኪም ወጥቶ "ምን እናድርግ?" ሲል ሚስት አንድ ትላለች፣ ወንድም ሌላ፣ ከአሜሪካ የሚደውለው ልጅ ደግሞ ሦስተኛ። ታማሚው ሁሉን እየሰማ መልስ መስጠት ላይችል ይችላል። ስትሮክ ንግግርን የሚያዘው ብዙ ጊዜ የአንጎልን ግራ ጎን ሲመታ ነው፤ አንደበቱ የተያዘ ሰው ሁሉ አእምሮውን ስቷል ማለት አይደለም።

እኛ አስቀድሞ ማሰብ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ለቀብራችን ዕድር አለን፤ ወሩን ጠብቀን እንከፍላለን፣ ድንኳኑም ወንበሩም ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። ለንብረታችን ኑዛዜ አለን፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ በመደበኛው አራት ምስክር ይጠይቃል። ኑዛዜ የሚሠራው ግን ከሞት በኋላ ነው። በሕመሙና በሞቱ መካከል ላለው ጊዜ ምን አለን? እናት "ብታመም እንዲህ አድርጉኝ" ብላ ስትጀምር "ኧረ አታሟርቺ!" ብለን አፏን እናስይዛታለን። ከባድ ሕመም ሲገኝም "ለእሷ እንዳትነግሯት" ይባላል። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ያልተነገራት ሰው ምን እንደምትፈልግ ልትነግረን አትችልም።

ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ሰው በማንኛውም ጊዜ ምርመራንም ሆነ ሕክምናን እንቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን መብት ለመጠቀም ግን አንደበት ያስፈልጋል። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ በተለይ፣ ደኅና ሳላችሁ አንድ እሑድ ቡና ላይ ቤተሰቡን ሰብስቡና ተናገሩ። መናገር ቢያቅተኝ ስለ እኔ የሚወስነው እገሌ ነው በሉ፤ የራስ ተሰማን ነገር አስታውሱና ተተኪውንም ጥቀሱ። ማሽን ላይ መቆየት የምትፈልጉ ከሆነም የማትፈልጉ ከሆነም፣ ቤታችሁ መታመምን ወይም ሆስፒታልን የምትመርጡ እንደሆነ፣ የንስሐ አባት ወይም ኢማም እንዲጠራ የምትሹ እንደሆነ ተናገሩ። "የሚቻለው ሁሉ ይደረግልኝ" ማለትም ሙሉ መልስ ነው። በወረቀት ጻፉት፣ ፈርሙበት፣ አንዱን ቅጂ ከሕክምና ካርዳችሁ ጋር አስቀምጡ፣ ለሐኪማችሁም አሳዩት። ውጭ ያሉት ልጆች በስልክም ቢሆን ይስሙ፤ ጭቅጭቁ ብዙ ጊዜ ካልሰማው ይነሣል። ሐሳባችሁን በፈለጋችሁ ጊዜ መቀየር ትችላላችሁ፤ መናገር እስከቻላችሁ ድረስም ከወረቀቱ ይልቅ አፋችሁ ይቀድማል።

ማሽን አልፈልግም ያለ ሰው ሕክምና ይቆምበታል ማለት አይደለም። የሕመም ማስታገሻ፣ የቁስል እንክብካቤ፣ የትንፋሽ ማጠርን ማቅለል ይቀጥላል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሆስፒስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ውስጥ በጠና የታመሙ ሰዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ይረዳል።

ወላጆች፣ እናንተም አላችሁበት። ሁለታችሁም በሌላችሁበት ሰዓት ልጃችሁ ቢታመም ሆስፒታል የሚያደርሰውና የሚፈርመው ማን ነው? አለርጂውን፣ የሚወስደውን መድኃኒት ያ ሰው ያውቃል? ልጁ የቆየ ሕመም ካለበትና ነፍስ ካወቀ ደግሞ እሱንም ጠይቁት፤ መርፌ ከመፍራት ያለፈ ሐሳብ አለው።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታባችሁ። የሰው ፊት በድንገት ከተጣመመ፣ እጁ ወይም እግሩ በአንድ ጎን ከዛለ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ ያኔ ወረቀት የሚፈለግበት ሰዓት አይደለም። በስትሮክ እያንዳንዷ ደቂቃ የአንጎል ሕዋስ ታሳጣለች። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፣ በአፉ ምንም አትስጡት፣ 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ጥሩ ወይም ባገኛችሁት መኪና በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።