ከሲራራ መንገድ ወደ አየር መንገድ

የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ሙሉ ስሙ አባ ጠና ደጃዝማች ይልማ ነው። አባ ጠና የፈረስ ስም ነው። የመቀሌው ማረፊያ አሉላ አባ ነጋ፣ የጅማው ደግሞ አባ ጅፋር ይባላል፤ እነሱም በፈረስ ስማቸው የታወቁ ናቸው። የባሕር ዳሩ ማረፊያ የተሰየመላቸው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በአርበኝነታቸው ዘመን አባ ኮስትር ይባሉ ነበር። አባ በኦሮምኛ አባትም ባለቤትም ማለት ስለሆነ አባ ነጋ ሲባል ነጋ የተባለው ፈረስ ጌታ ማለት ነው። ደጃዝማች ራሱ ደጅና አዝማች ተጋጥመው የወለዱት ማዕረግ ነው፤ አዝማች ከዘመተ ይመጣል።

ይህ የፈረሰኛ ስም ለአውሮፕላን ሜዳ ይስማማዋል ባይ ነኝ። ከአጥሩ ወዲህ የሚነገረው ቃል አብዛኛው በእግርና በበቅሎ የመጣ ነውና። በድሬዳዋው ማረፊያ ከመግቢያው በር እስከ አውሮፕላኑ ደረጃ ያለው ርቀት አጭር ነው፤ በዚያ አጭር መንገድ ላይ የምንጠራቸው ስሞች ግን ከገበያ፣ ከዘመቻ፣ ከእርሻና ከቤተ ክርስቲያን የተሰበሰቡ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሜ አየር መንገድ የሚለውን ልያዝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። እንግሊዝኛው ለዚህ ሥራ ኤርላይን የሚል ቃል ነበረው፤ ላይን ሥሩ የላቲኑ ሊኔያ፣ ከተልባ የተፈተለ ክር ነው። አማርኛ ክሩን ትቶ መንገድ አለ። መንገድ የሚወጣው ነገደ ከሚለው ግስ ነው፤ ነገደ ደግሞ በግዕዝ ሁለት ሥራ አለው፤ ተጓዘ ማለትም ነው፣ ሸቀጠ ማለትም ነው። ለጥንቱ ሰው ሁለቱ የተለያዩ አልነበሩም። አሞሌውን ጭኖ ከአገር አገር የሚዞር ሲራራ ነጋዴ መሄዱ ነው ንግዱ፤ ቤቱ ተቀምጦ የሚነግድ ሰው የኋላ ዘመን ሰው ነው።

ከዚህ ከአንድ ግስ የተወለደውን ቤተሰብ ስናይ የአየር ጉዞ ግማሹ እዚያ ውስጥ ይገኛል። የሚጓዘው መንገደኛ ነው። የሚሄድበት መንገድ ነው። ንግድና ነጋዴ የታወቁ ናቸው፤ ቁልቢ ገብርኤልን ሊሳለም በድሬዳዋ በኩል የሚያልፈው ምእመን የሚያደርገው ጉዞም በግዕዙ ንግደት ነው። እንግዳ ከዚሁ ነው፤ መንገድ ያደረሰው፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ማለት ነው። እንግዳን መቀበል ማስተናገድ ሆነ፣ ሥራው መስተንግዶ፣ ሠሪው አስተናጋጅ። ስለዚህ "የአየር መንገዱ የበረራ አስተናጋጆች መንገደኞችን በመቀበል ላይ ናቸው" ሲባል ነገደ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ተጠራ ማለት ነው።

ሆስተስ የምንለው ብዙዎቻችን ነን፤ እሱም ቃል መጥፎ አይደለም። ከላቲኑ ሆስፔስ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን፣ ሆስፔስ ተቀባዩም ተቀባዪቱም፣ እንግዳውም ጭምር የሚጠሩበት ነበር። ሆቴልና ሆስፒታል ወንድሞቹ ናቸው። በሁለት በማይገናኙ የቋንቋ ዘሮች ውስጥ ቃሉ ከመንገደኛውና ከተቀባዩ ሳይለይ መቆየቱ ያስደስተኛል። በእኔ አድሎ ግን አስተናጋጅ ይበልጣል፤ ምክንያቱም እንግዳው በውስጡ ይሰማል።

ነጋዴውን በድሬዳዋ ማረፊያ በዓይን ማየት ይቻላል። ሚዛኑ አጠገብ ሻንጣዋን ተንበርክካ የከፈተች ሴት፣ ከላይ ያለውን ነጠላና ጫማ እያወጣች ወደ ትንሹ ቦርሳዋ ስትገለብጥ፣ ቁጥሩ ወርዶ እንደሆነ ቀና ብላ ስትመለከት። ሻንጣ ከቱርኩ ቻንታ በዐረብኛ በኩል ወደ እኛ ገባ። ቦርሳ የጣሊያን ነው፤ ጣሊያንኛው ከላቲን፣ ላቲኑ ከግሪክ ወስዶታል፤ በግሪክ ቢርሳ ማለት ቆዳ ነበር። የሚጫነው ሁሉ በእኛው ቃል ጓዝ ነው፤ ጓዝና ጉዞ የአንድ ግስ ልጆች ናቸው፤ ሰው ከነጓዙ ነበርና የሚጓዘው። ካርጎ የሚለውን ስፓኒሽ ከጋሪ አወጣው፤ በላቲን ካሩስ ጋሪ ነው። ጭነት ግን ከግዕዙ ጸዐነ ወርዶ ጫነ የሆነው ነው፤ በአህያና በበቅሎ ጀርባ ላይ ዕቃ የሚታሰርበት ጠፍር እስከ ዛሬ መጫኛ ይባላል። አየር መንገዱ ገና ልጅ ሳለ ከድሬዳዋ ወደ ዔደን ያጓጉዘው ከነበረው ጭነት አንዱ የሐረርጌ ጫት ነበር፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ዋጋውን ያጣልና ፍጥነት ይፈልጋል። የሲራራ ነጋዴው ሥራ በክንፍ ቀጠለ ማለት ነው።

ሚዛኑ ራሱ የሚያስተምረን አንድ የሰዋስው ነገር አለ። በዐረብኛ መመዘን ወዘነ ነው፤ ሚዛን የተገኘው ከፊቱ የመሣሪያ ስም አመልካች ተጨምሮ ነው። አማርኛ ግን ያንን ባዕድ መነሻ ከሥሩ ጋር አዋሕዶ መዘነ የሚል አዲስ ግስ አወጣ። ከሚዛኑ ቀጥሎ ስማችን ሲመዘገብም የሆነው ይኸው ነው። በግዕዝ ዘገበ ማለት አከማቸ ነው፤ መዝገብ የሚከማችበት፣ ግምጃ ቤት ነው። አማርኛ መዝገብን እንዳለ ተቀብሎ መዘገበ አለ፤ ከዚያ ምዝገባ መጣ። ቼክ ኢን የሚለው ቃል እያለ በመስኮቱ ላይ ምዝገባ የተጻፈባቸውን ሰሌዳዎች ሳይ ደስ ይለኛል፤ ስምን ግምጃ ቤት ማስገባት ነውና። ኪሎ ደግሞ በግሪክ ሺህ ነው። ፈረንሳዮች ኪሎግራምና ኪሎሜትር ብለው ሲያወጡት እኛ ሁለቱንም ቆርጠን ኪሎ አልን፤ ስለዚህ አራት ኪሎ ሠፈር ሆኖ ሃያ ኪሎ የሻንጣ ክብደት ሆነ።

በዚያ መስኮት ፊት የምንሰለፈው ሰልፍ በግዕዝ ጦርነት ነበር፤ ለውጊያ የተደረደረ ወታደር። በአማርኛ መጀመሪያ ወደ ክብረ በዓል፣ ቀጥሎ ወደ ዳቦ ቤትና ወደ ትኬት መስኮት ወረደ።

ጉምሩክ ላይ ልቆይ፤ ይህ ቃል ለድሬዳዋ የቤት ልጅ ነው። ከተማዪቱ የተወለደችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሲደርስባት ነው፤ ከባሕር የመጣ ዕቃ ሁሉ እዚያ እየተራገፈ ቀረጥ ይከፍል ነበር። ላቲን ንግድን ኮሜርኪዩም ይለዋል። የቁስጥንጥንያ ግሪኮች ያንን ቃል ወስደው ኮሜርኪዮን አሉና ነጋዴ ለመንግሥት የሚከፍለውን ግብር ጠሩበት። ቱርኮች ከግሪኮች ወርሰው ጉምሩክ አሉ፣ ዐረቦች ከቱርኮች ወሰዱ፣ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ለእኛ ደረሰ። ሮማዊው ቃሉን ሲያወጣው ስለ ሸቀጥ ነበር የሚያወራው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሸቀጡን የሚያስቆም መሥሪያ ቤት ሆኗል። የእንግሊዝኛው ኮሜርስም የዚያው የላቲን ቃል ልጅ ነው፤ ስለዚህ ንግድና ጉምሩክ በትርጉም መነሻቸው አንድ ናቸው። ዕቃዋ ተፈትሾ ቀረጥ ለተጠየቀች ነጋዴ ይህ መጽናኛ አይሆናትም፤ ቃሉ ግን ከእሷ የበለጠ ብዙ ድንበር አቋርጧል።

ሐዲዱን ካነሣን ዘንድ፣ ባቡር በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ እንፋሎት ከሚሉት ቃል በዐረብኛ በኩል የመጣ ነው። በገጠር ወፍጮ ቤት ባቡር የሚባለውም ስለዚህ ነው። ሰው ሞተር ሲሰማ ስሙን አወቀው።

አውሮፕላንና አየር ታሪካቸው ከዚህ የበለጠ ይገርማል። አየር ንጹሕ የእኛ ይመስላል። ነገር ግን ግዕዝ ከግሪክ የተቀበለው ቃል ነው፤ በግሪክ አኤር ይባላል፤ መጻሕፍት ከግሪክ በተተረጎሙበት በጥንቱ ዘመን ገብቶ ቤተኛ ሆነ። ከዚያ ከአንድ ሺህ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አለፈ። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ፕሊን በ1855 እ.ኤ.አ. ኤሮፕላን የሚለውን ስም ሲያወጣ መነሻው ያው የግሪኩ አኤር ነበር። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለው ፈረንሳዊ አብራሪ ፖቴዝ 25 የተባለውን አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲያሳርፍ ያ ቃል ለሁለተኛ ጊዜ አገራችን ገባ። የመጀመሪያው በብራና ገባ፣ ሁለተኛው በክንፍ። ዛሬ "አውሮፕላኑ በአየር ላይ ነው" ብንል አንዱን ቃል ደግመን መጥራታችን ነው።

አይሮፕላን፣ ኤሮፕላን፣ አውሮፕላን፤ ሦስቱም ይነገራሉ። አውሮ ያሸነፈው ከኋላው ያለው ሮ ከንፈርን ስለሚያሾልና ያንን ክበት ወደ ፊት ስለሚስበው ይመስለኛል። በጽሑፍ አንዱን መያዝ ካስፈለገ አውሮፕላን ይያዝ፤ ሕዝብ የመረጠው እሱን ነው።

በረራና አብራሪ ከበረረ ናቸው። ግዕዝ ለወፍ መብረር ሠረረ ይላል። አብራሪን ከአብሪ ጋር የሚያደባልቁ ተማሪዎች አጋጥመውኛል፤ አብሪ ከበራ፣ ከብርሃን ነው፤ አብራሪ ሁለት ረ ያለበት፣ ሌላውን እንዲበር የሚያደርግ ነው። ፓይለት ማለት ለለመደ ሰው ይህ ልዩነት ላይሰማው ይችላል።

ማረፊያ የሚለው ቃል ሥሩ ዐረፈ ነው። ሰው ሲደክም ያርፋል፣ ሲሞትም አረፈ ይባላል፤ አውሮፕላንም አረፈ። እንግሊዝኛው መሬት ነካ ነው የሚለው፣ የእኛው ግን ድካም አስቀድሞ ያያል። ከዚሁ ሥር ግዕዝ ያወጣው የቦታ ስም ምዕራፍ ነው፤ መጀመሪያ ትርጉሙ መንገደኛ አርፎ የሚያድርበት ጣቢያ ነበር። ኋላ አንባቢ የሚያርፍበት የመጽሐፍ ክፍል ተባለ። ምዕራፍና ማረፊያ በትርጉም መንትያ ናቸው፤ አንዱ በግዕዝ ሕግ፣ ሌላው በአማርኛ ሕግ የተሠሩ። ኤርፖርት የሚለው ወደብን ያስባል፣ መርከብ ያላቸው ሕዝቦች ያወጡት ስለሆነ። ማረፊያ የተራራ አገር ሰው፣ የእግር መንገደኛ ስም ነው።

ከተርሚናሉ ባሻገር የቆመው ማማ ለእኔ ከሁሉ የተወደደ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላው ሲያሸት በማሳው መካከል እንጨት አቁሞ ከፍ ያለ መቆሚያ ይሠራል፤ ልጁ እዚያ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ እያጮኸ ወፍና ዝንጀሮ ይጠብቃል። ያ መቆሚያ ማማ ነው። የመቆጣጠሪያ ማማ ብሎ ያወጣው ሰው ከፍ ብሎ ሰማይን መጠበቅ የሚለውን ሐሳብ ከገበሬው አገኘው። መቆጣጠርም ከቆጠረ ነው፤ ቆጥሮ የተረከበ ቆጥሮ ያስረክባል። ኮንትሮል የሚለው የፈረንጁ ቃል ሥሩ ሲፈታ የሒሳብ መዝገብ ትይዩ ቅጂ ማለት ነበር፤ አንዱን ከሌላው እያመሳከሩ የሚቆጥሩበት። ሁለት ቋንቋ ሳይመካከር የሒሳብ ሹምን ለሥልጣን ምሳሌ አደረገ።

አንድ የምከራከርበት ነገር አለ። በዜናም በመጽሔትም መንደርደሪያና ማኮብኮቢያ እየተቀያየሩ ይጻፋሉ፤ አንዱ ጋዜጣ ድሬዳዋ ማኮብኮቢያው ታደሰ ሲል ሌላው ስለዚያው አስፋልት መንደርደሪያው ይላል። ግሶቹ ግን የተለያዩ ናቸው። አኮበኮበ የሚባለው ሊበር ወይም ሊሸሽ ያሰበ ነው፤ ገና አልሄደም፣ እየተጠጋ፣ እየተዘጋጀ ነው። ተንደረደረ ግን ኃይሉን አሰባስቦ ሮጠ ነው፤ ለዝላይ፣ ለመወርወር። አውሮፕላኑ ከተርሚናሉ ተነሥቶ በዝግታ እስከ አስፋልቱ ጫፍ የሚሄድበት መንገድ ማኮብኮቢያ ይባል። ፊቱን አዙሮ፣ ሞተሩን ከፍቶ የሚሮጥበት ሰፊው አስፋልት መንደርደሪያ ይባል። እንግሊዝኛ ለዚያ ዝግተኛ ጉዞ ቃል ሲቸግረው ከታክሲ ነው የተዋሰው፤ እኛ ግን የራሳችን ሁለት ግስ አለን፣ አንዱንም መጣል አያስፈልገንም። በሁለቱም ቃላት አንድን ነገር ብቻ የሚጠራ ጽሑፍ በአብራሪና በማማው ሰው መካከል ቢነበብ አደጋ አለው፤ የትኛው ጠርዝ ላይ ቁም እንደተባለ መለየት አለበትና። የሙያ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሰዎች ከሌላ ቃል ሁሉ በፊት እነዚህን ሁለቱን ለይተው ቢያጸኑልን እወዳለሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ የመነሻ ሰዓት በሚለው ሰሌዳ ላይ ያለውን መነሻን አይንኩት፤ ሲራራውም ከሰፈሩ ሲንቀሳቀስ ተነሣ ነበር የሚባለው።