የካሜራው ዋስ

ከመገናኛ ተነስቶ ወደ ኮተቤ የሚያቀናውን መንገድ የያዘ ሰው ላምበረትን ሳያይ አያልፍም። ስሙን ለሁለት ከፍለው ቢያነቡት «ላም» እና «በረት» ይወጣዋል፤ ዛሬ ግን በላምበረት የሚታጎረው ከብት ሳይሆን አውቶቡስ ነው። መናኸሪያ ባለበት ደግሞ ፎቶ ቤት አይጠፋም። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍ የሚፈልግ፣ ለፓስፖርት የሚቸኩል፣ ከመለያየታቸው በፊት አንድ ላይ ተነስተው ማስታወሻ ሊይዙ የሚሹ እናትና ልጅ፣ ሁሉም ወደዚያች ጠባብ ክፍል ጎራ ይላሉ።

በዚያ ሰፈር እንዲህ ያለ ፎቶ ቤት ያለው ወዳጅ አለኝ። የሥራ ቀናቱን በጉርድ ፎቶ ይገፋል፤ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ያነሳል። ባለፈው ጥር፣ ሰርግ በሰርግ ላይ በሚደራረብበት ወር፣ ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት በሚስሙበት ሰዓት ካሜራው በእጁ ላይ ሞተ። ከዚያ በኋላ የተነሳው ሁሉ ጥቁር ነበር። ካሜራውን እኅቱ ከአሜሪካ ገዝታ በመንገደኛ የላከችለት ነው፤ ገና ዓመት አልሞላውም። በማግስቱ ልጠይቀው ብሄድ ከመሳቢያው አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ። የአንድ ዓመት ዋስትና ይላል። ዝቅ ብሎ በደቃቃ ፊደል ደግሞ ዋስትናው የሚጸናው በአሜሪካ ውስጥ ብቻ መሆኑ ተጽፏል። ወዳጄ ወረቀቱን መልሶ እያጠፈ፦

«ዋስትናውስ አለኝ፤ ዋሱን ነው ያጣሁት» አለኝ።

ይህቺ ንግግር ናት ወደ ኋላ ወስዳ ይህን ጽሑፍ ያጻፈችኝ።

በአገራችን ልማድ ዋስ ሰው ነው። ስምና ሰፈር ያለው፣ ቢጠሩት አቤት የሚል፣ ተበዳሪው ቢጠፋ በእርሱ ፈንታ የሚያዝ ሰው። በጎንደር ዘመን በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የተጻፉትን የመሬት ሽያጭ ውሎች ያየ ሰው፣ ሻጩ፣ ገዢውና ዋጋው ከተመዘገቡ በኋላ የሰዎች ስም ተደርድሮ ያገኛል። የውሉ ጽናት ያረፈው በቀለሙ ላይ ብቻ አልነበረም፤ በእነዚያ ሰዎች ላይም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንኑ መንፈስ በዘመናዊ ቋንቋ አኖረው፦ ሻጭ የሸጠው ዕቃ በውሉ መሠረት ለመሆኑና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ዋስ ነው። እንግዲህ በሕጉ ፊት የዕቃው ዋስ ሻጩ ነው፤ ሻጩ ደግሞ ደጁ የሚታወቅ ሰው ነው።

ካሜራ ግን ወደዚህ አገር አመጣጡ ሌላ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎችን አሰልፎ ነበር። በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ የሚነሳው በመስተዋት ላይ ነው፤ መስተዋቱ የተቀባው መድኃኒት ሳይደርቅ ምስሉ መነሳት፣ ሳይደርቅም መታጠብ ነበረበት። ስለዚህ ካሜራው ብቻውን ተራራውን አልወጣም። የጨለማው ድንኳን፣ ጠርሙሱና ባለሙያው አብረውት ወጡ፤ ዘመቻው ሲያበቃም አብረውት ወረዱ። በዚያው ዓመት የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በእንግሊዝ አገር፣ በዋይት ደሴት፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ካሜራ ፊት ተቀመጠ። መሣሪያው ከነባለሙያው ከአገር ወጥቶ ስለ ሄደ፣ ተነሺውም ተከትሎት የሄደ ይመስላል።

ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1888፣ አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የተባለውን ካሜራ ለገበያ አወጣ። ዋጋው 25 ዶላር ነበር፤ በውስጡ 100 ምስል የሚያነሳ ፊልም ተጎርሶለታል። ፊልሙ ሲያልቅ ባለቤቱ ካሜራውን እንዳለ ሮቸስተር ከተማ ወደሚገኘው ፋብሪካ ይልካል፤ 10 ዶላር ሲከፍል ምስሎቹ ታትመው፣ ካሜራውም በአዲስ ፊልም ተሞልቶ ይመለስለታል። ለሮቸስተር ጎረቤት ይህ ትልቅ ምቾት ነው። በዚያን ጊዜ ከተቆረቆረች ሁለት ዓመት ለሆናት ለአዲስ አበባ ግን ያው ምቾት የባሕርና የበረሃ መንገድ ነው። ፋብሪካው ካሜራውን ሲሸጥ ርቀቱንም አብሮ ይሸጥ ነበር ማለት ነው።

ይህን ርቀት ያጠበበው ዕቃው አይደለም፤ ሰው ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን አዲስ አበባ መጥቶ ለዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም የአባታቸውን ሙያ ያዙ። የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1917 ነው። እስከዚያው ድረስ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ተሰባሪ ዕቃ ሁሉ የመንገዱን እኩሌታ በእንስሳት ጀርባ ይጓዝ ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን አንድ ነገር ቢበላሽ «ወደ ገዛንበት እንመልሰው» ማለት ዘበት ነው። ፎቶግራፍ አንሺው መጋዘኑም፣ ኬሚስቱም፣ ጠጋኙም ራሱ መሆን ነበረበት። በፎቶግራፍ ቤቱ የሚከፈለው ሂሳብ ከፍ ያለ ቢሆን አይደንቅም፤ በውስጡ የዋሱ ደመወዝ ነበረበት።

ከዚያ በኋላ የመጡት ካሜራዎች በጥርስና በሞላ የሚሠሩ ነበሩ። በሶቪየት ኅብረት በክራስኖጎርስክ ፋብሪካ ይሠራ የነበረውን ዜኒት ኢ እንውሰድ፤ ብርሃን መለኪያው እንኳ ባትሪ አይጠይቅም ነበር። እንዲህ ያለውን ካሜራ ጠንቃቃ እጅ፣ ቀጭን ጠመንዣ መፍቻና ትዕግሥት ያለው ሰው ከፍቶ ሊያየው ይችል ነበር፤ ሰዓት ሠሪ የሚያውቀው ዓለም ነውና። ከየትም ይገዛ ከየት፣ ጠጋኙ እዚሁ ስለ ነበረ የተገዛበት አገር ጥያቄ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ አልነበረም።

ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ይህ ተለወጠ። ዕቃው ረከሰ፤ ልቡ ግን ተቆለፈ። ዛሬ ካሜራ ሲታመም የሚፈልገው ከፋብሪካው የሚወጣ መለዋወጫና የፋብሪካው ሶፍትዌር ነው፤ ይህንንም ኩባንያዎቹ በየአገሩ ለመረጡት ወኪል ብቻ ይሰጣሉ። ናይከን በአሜሪካ ፈቃድ ሰጥቷቸው የነበሩትን የግል ጥገና ቤቶች ውል እ.ኤ.አ. በ2020 አቋርጧል። የአሜሪካው ናይከን በሌላ አገር ወኪል በኩል ሄዶ በጓሮ በር ወደ አሜሪካ የገባን ካሜራ፣ ገንዘብ ቢከፍሉትም እንኳ እንደማይጠግን ለብዙ ዓመታት ሲያስታውቅ ኖሯል። አንዳንዴም ስሙ ራሱ ዕቃው ለየትኛው አገር እንደተሠራ ይናገራል፦ በአውሮፓ ካነን 700ዲ የተባለው ካሜራ በአሜሪካ ረብል ቲ5አይ፣ በጃፓን ደግሞ ኪስ ኤክስ7አይ ነው። አንድ ካሜራ፣ ሦስት ስም፣ ሦስት ዋስ።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ፤ ከውጭ የሚያስገዛ ሰው ሞኝ አይደለምና። በውጭ 1,000 ዶላር የሚሸጥ ካሜራ በሕጋዊ ነጋዴ እጅ ይገባል እንበል። ቀረጡን ለምሳሌ ያህል 20 በመቶ ብንወስድ 1,200 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመር 1,380፤ በጠቅላላው ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲታከል 1,518። የጭነቱ፣ የሱቅ ኪራዩና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተነኩም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጉርድ ፎቶ አንስቶ ካሜራ ሊገዛ ለሚቆጥብ የላምበረት ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ መዘርዘር አያሻም። እኅት ያለው ሰው ወደ እኅቱ ቢደውል ማን ይፈርድበታል?

ለአገር ውስጡ ገበያም ቢሆን መወድስ ልዘምር አልተነሳሁም። በቦሌም ሆነ በመርካቶ በመስተዋት ውስጥ የሚታየው ካሜራ ራሱ ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ገዢው የሚከፍለው የአገር ውስጥ ዋጋ ነው፣ የሚያገኘው ግን የባሕር ማዶ ዋስትና። ልዩነቱ ያለው ደረሰኙ ላይ ነው። ደረሰኝ የሰጠ ሻጭ በፍትሐ ብሔሩ ሕግ ይያዛል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813ም ሸማች የገዛው ዕቃ ጉድለት ቢገኝበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው ግን ቅናሹን ያገኘው ዋሱን አሰናብቶ ነው።

አንድ ሌላ ስሌት ልጨምር። በዘመናቸው ለባለሙያ የተሠሩ እንደ ካነን 5ዲ ማርክ 3 ያሉ ካሜራዎች ሻተራቸው 150,000 ጊዜ እንዲከፈትና እንዲዘጋ ታስቦ የተሠራ ነው። በአንድ ሰርግ 2,000 ጊዜ የሚተኩስና በዓመት 40 ሰርግ የሚያነሳ ሰው 80,000 ይደርሳል፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሻተሩ ዕድሜውን ጨረሰ ማለት ነው። የወረቀቱ ዋስትና አንድ ዓመት ነው። ስለዚህ በካሜራው ለሚያድር ሰው ዋናው ጥያቄ «ስንት ዓመት ዋስትና አለው?» ሳይሆን «ሲሰበር ማን ይከፍተዋል?» የሚለው ነው። የሠርጉን ቀን ለማስታወስ አንድ ጊዜ የሚገዛና በቁም ሳጥን የሚያኖረው ሰው ግን ሌላ ሚዛን አለው፤ ለእርሱ የዋጋው ልዩነት ከጥገናው ፍርሃት ይበልጣል።

ዕቃውም በዓይነቱ ይለያያል። ሦስት እግር፣ ቦርሳና ማጣሪያ መስተዋት ዋስ አይፈልጉም፤ ከረከሰበት ይገዙ። በአሜሪካ የሚሸጥ የስቱዲዮ ፍላሽ ግን ለ110 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ የመጀመሪያው ብልጭታ የመጨረሻው ነው። ይህን የሚሸፍን ዋስትና የለም። ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠራ የሶኒ ካሜራም ከጃፓንኛ በቀር ሌላ ቋንቋ ላይናገር ይችላል።

ወዳጄ ካሜራውን መንገደኛ ፈልጎ ወደ እኅቱ መልሶ ላከው። ዋስትናው ውሸት አልነበረም፤ በነጻ ተጠግኗል። ነገር ግን በጥር የሄደው ካሜራ የተመለሰው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ የሰርጉ ወር አልፎ፣ ጾሙ ገብቶ፣ ጾሙ ተፈትቶ። በዚያ መካከል የቀሩትን ሰርጎች ያነሳው በተውሶ ካሜራ ነበር። ያዋሰው ከእርሱ ሁለት በር አለፍ ብሎ ያለ ሌላ ፎቶ ቤት ባለቤት ነው፤ በሌላው ቀን ደንበኛ የሚሻሙ ሰዎች ናቸው። ወረቀት አልጻፉም፣ ምስክርም አልቆመም።

ዋስትና ሻተር ይተካ ይሆናል፤ በዚያ ቅዳሜ የተሳመውን የእናት ጉልበት ግን አልተካም። ሙሽሮቹ ያን ሰዓት ዛሬም በቃል እንጂ በምስል አያሳዩትም። ወዳጄ የመጀመሪያውን ክፍያ መልሶላቸዋል፤ ይህ ግን በየትኛውም የዋስትና ወረቀት ላይ አልተጻፈም።

በቅርቡ ሳገኘው ሁለተኛ ካሜራ ሊገዛ እያሰበ ነበር። ከየት እንደሚገዛ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፦

«ዋጋውን ከእኅቴ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ጎረቤቴ የያዘው ምን ዓይነት እንደሆነ አያለሁ» አለኝ። «አንዱ ሲሰበር የሌላው ሌንስ እንዲገባበት።»